ኮምፕረሰር በጥርስ ሲደመጥ

ደባርቅ ላይ የመኪና ኤሲ ጠጋኝ ነኝ ስል የማይስቅ ሰው አላጋጠመኝም። በቀትር ጋቢ በሚለበስበት ከተማ የማቀዝቀዣ ሠራተኛ ምን ይሠራል ይላሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። የሳቀው ሰው ግን መኪናውን ይዞ ሊማሊሞን ሲወርድ፣ ጠመዝማዛው አልቆ ዛሪማ ሲቃረብ ጋቢው ይወልቃል፣ ሹራቡ ይከተላል፣ ከዚያ እጁ ወደ ኤሲው ቁልፍ ይሄዳል። ወራት ሙሉ ሳይነካ የከረመ ኤሲ ደግሞ በድንገት ሲቀሰቅሱት ዝም ብሎ አይነሳም። ያን ጊዜ ከኮፈኑ ሥር የሚጮኸው ነገር የእኔ እንጀራ ነበር።

ነበር ያልኩት ጋራዡን ስለዘጋሁት ነው። ለምን ዘጋህ ለሚለኝ ሁሉ ጉልበቴን አሞኝ እላለሁ። ጉልበቴ ደህና ነው፤ ዛሬም መኪና ሥር ገብቼ እወጣለሁ። የሄደው ጆሮዬ ነው። ወፍራሙን ድምፅ እሰማለሁ፤ ሰው ፊቴ ቆሞ ሲያወራኝ፣ አይሱዙ ዳገት ሲወጣ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል እሰማለሁ። ቀጭኑ ግን ጥሎኝ ሄዷል። ባለቤቴ ብርቄ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚያናግረኝ ጎንደር ያለችው ልጄ ስልክ ብቻ ነበር፤ እሱም ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ሲጮህ አልሰማውም። «አባዬ፣ ስልክህን ለምን አታነሳም?» ትለኛለች። ከሰው ጋር ነበርኩ እላታለሁ። ከማንም ጋር አልነበርኩም።

ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የሚመላለስብኝ አንድ ሰው ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ፣ በእኔ አንድ ቃል የተነሳም ሥራቸውን ጥለው የሄዱ ሰው ናቸው። ጆሮዬ እንደከዳኝ ባወቅሁ ጊዜ ልነግራቸው የፈለግሁት እሳቸውን ነበር። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል አልተነፈሱኝም፤ ብሄድ በራቸውን ይከፍቱልኝ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ሥራ የጀመርኩት ዳባት ነው፣ መንገድ ጠጋኞች መሣሪያቸውን በሚያሳድሩበት ግቢ ውስጥ። ገልባጭ መኪና አጥብ ነበር፤ ቀስ በቀስ ቁልፍ ማቀበል፣ ከዚያ መፍታት ጀመርኩ። አለቃችን ደግ ሰው ነበር፣ ድምፅ ለመስማት ግን ትዕግሥት አልነበረውም። የጮኸውን ዕቃ አውልቆ ሌላ ይገጥማል፤ ካልተሻለው ጎረቤቱን ያወልቃል። በዚህ ዓይነት አንድ ገልባጭ መኪና ግማሽ ልብሱን ቀይሮ ጩኸቱን ግን እንዳቀፈ ሲወጣ አይቻለሁ። ደመወዙ ለወንደላጤ ይበቃል የሚባል ዓይነት ነበር። አንድ ቀን ዕቃ ፍለጋ ደባርቅ ተልኬ ሄድኩና የኔታን አየኋቸው፤ ከዚያ በኋላ ዳባት ብዙም አልቆየሁም።

ስማቸው ጥጋቡ ነው፣ ሾፌሩ ሁሉ ግን የኔታ ይላቸዋል። በልጅነታቸው በየዳ ወረዳ ውስጥ ዜማ ሲማሩ ነበር። ለምን ተዉት ሲባሉ «ድምፄ እምቢ አለኝ» ይላሉ። ከዚያ ከጎንደር መካኒኮች ሥር አድገው ደባርቅ መውጫ ላይ፣ መኪናው ወደ ሊማሊሞ ከመጠምዘዙ በፊት ባለው ሜዳ፣ የቆርቆሮ ጋራዥ ተከሉ። እኔ ዕቃ ፍለጋ በሄድኩ ቀን በራቸው ላይ አንድ ኮስታራ ሰው፣ የቱሪስት መኪናዎች ኃላፊ ይመስለኛል፣ ቆመው «መኪናው ይጮኻል» ይላሉ።

«እንዴት እያለ?» አሉ የኔታ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ይከፈትና ይታይ እንጂ።»

«በአፍዎ ያሰሙኝ። እርስዎ ሳያሰሙኝ እኔ ኮፈን አልከፍትም።»

ሰውዬው ግራ ቀኝ አዩና ኮታቸውን አስተካክለው «ጭርርርርር» አሉ። የኔታ ፊታቸውን አቅርበው፣ ሳይስቁ፣ እንደ ተማሪ ቀለም ተቀበሏቸው። «ይድገሙት» አሏቸው። ደገሙት። እኔ ለሳቅ ዞር ስል የኔታ ግን ኮፈኑን ከፍተው የቱን እንደሚነኩ ያውቁ ነበር።

እሳቸው ጋር ከገባሁ በኋላ ይህ ነገር ልማድ መሆኑን አየሁ። ቄስም ይምጣ ፖሊስ፣ በደባርቅ መውጫ ጋራዥ ድምፁን በአፉ ሳያሰማ የሚስተናገድ ሰው የለም። ጩኸቱን ሁሉ በዜማ ስም ለይተው ነበር የሚያስተምሩኝ፤ «እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ» ይሉና ይቀጥላሉ። ደረቅ ጩኸት ግዕዝ ነው፤ ቺንጋ፣ ያ የሞተሩ ቀበቶ፣ ላልቶ ሲንሸራተት እንዲያ ነው። ቀጭን፣ የሚያለቅስ ድምፅ አራራይ ነው፤ ቺንጋው የሚጠመጠምበት የፑሌጃው ኩሽኔታ ቅባቱ አልቆ ሲፈጭ ነው። ወፍራም፣ ዝግ ያለ ምት ከሆነ ዕዝል ነው፤ ኮምፕረሰሩ ውስጡ ተበልቷል፣ ጸሎት አድርግና አውርደው።

መጀመሪያ ኤሲው ጠፍቶ ሞተሩን ማዳመጥ ነው። ያኔ የሚጮህ ከሆነ ነገሩ ውጭ ነው፣ ቺንጋው ወይ ኩሽኔታው ላይ። እፍኝ ውሃ ቺንጋው ላይ ይረጫሉ፤ ጩኸቱ ለአፍታ ከተለወጠ ቺንጋው ነው። ካልተለወጠ ቺንጋውን አውልቆ ፑሌጃውን በእጅ ማዞር ነው፤ አሸዋ ያለበት ከመሰለ ኩሽኔታው ሞቷል። ኤሲው ተከፍቶ ማግኔቱ ጠቅ ብሎ ኮምፕረሰሩን ሲይዝ የሚጀምር ድምፅ ከሆነ ደግሞ ከውስጥ ነው። ጋዝ ስንሞላም የግፊት መለኪያውን እያየሁ ልጨምር ስል እጄን ይይዙኛል። «ደባርቅ ላይ ስትሞላ ዛሪማን አስብ። እዚህ በብርዱ የጠገበ እዚያ በሙቀቱ ይፈነዳል። ትንሽ ራበው ብለህ ሸኘው» ይላሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ካቻቢቴያቸው ነበረች። ረጅም፣ የእንጨት እጀታ ያላት። ጫፏን ኮምፕረሰሩ ላይ ያሳርፉና እጀታዋን በፊት ጥርሳቸው ነክሰው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔ በጆሮዬ ላይ አስደግፌ እሰማ ነበር፤ ብዙው መካኒክ የሚያደርገው እንዲያ ነው። የእሳቸው እጀታ ላይ የጥርስ ቦታ ጎድጉዶ ነበር። የሊቅ አመል ነው ብዬ ተቀበልኩት።

የኔታ ጨዋታ አያበዙም። ምሳ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ሽሮ እንበላለን፤ እኔ ካወራሁ አፌን እያዩ ይሰሙኛል፣ ዞር ብዬ ካወራሁ አይመልሱልኝም። ዝምታ የሚወዱ ሰው ይመስሉኝ ነበር።

የፊት ጥርሶቻቸው ያስቸግሯቸው ጀመር። ብዙ ታገሡና በመጨረሻ ጎንደር ሄደው አስነቅለው መጡ። እንጀራውን በወጥ አርሰው ሲበሉ አያለሁ፤ እኔ ያየሁት ችግር ይኸው ብቻ ነበር።

በዚያ ሰሞን ሙላት የሚባል ሾፌር ጓደኛዬ ሠርገኛ ጭኖ መጣ። ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳሉ፤ ሴቶቹ ጥበብ ለብሰው፣ ሚዜዎቹ ክራቫት አጥብቀው፣ ቆላው ሳያላባቸው መድረስ ይፈልጋሉ። ሙላት ኤሲውን ሞክሮት ጮኸበት። እንደ ደንቡ በአፉ አሰማ፣ «ጪይይይይ» አለ። የኔታ አፉን አዩና «ግዕዝ ነው፣ ቺንጋ ነው» አሉ። እፍኝ ውሃ ረጩ፤ ጩኸቱ ተለወጠ። እኔ ቺንጋውን ወጠርኩት፤ ጩኸቱ ጠፋ። እስከዚህ ድረስ ልክ ነበሩ።

ለማረጋገጥ ኤሲውን ከፈትን። ማግኔቱ ጠቅ አለና ያዘ። ከዚያ በኋላ ከሥር፣ ቀስ ብሎ፣ ዱ፣ ዱ፣ ዱ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሾፌር ይህን ድምፅ በአፉ አያሰማም፤ ቀጭኑ ጩኸት ሲሸፍነው ልብ አይለውም። የኔታ ካቻቢቴዋን አሳረፉና እጀታዋን ወደ አፋቸው ወሰዱ። የምትነከስበት ቦታ ላይ ጥርስ የለም፤ በድዳቸው ገጠሟት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ቆዩ። «ደህና ነው፤ ይሂዱ» አሉ።

በዚያ መኪና ላይ ሁሉን የምታዞረው አንዲት ቺንጋ ናት፤ ኮምፕረሰሩንም፣ የውሃ ፓምፑንም፣ የመሪውን ፓምፕም። ኮምፕረሰሩ ውስጡ ተበልቶ በድንገት ነክሶ ከቆመ ቺንጋዋ ትበጠሳለች። እሷ ከተበጠሰች መሪው ይደርቃል፣ ሊማሊሞ ኩርባ ላይ የደረቀ መሪ ይዞ የሚታገል ሾፌር ከኋላው ሠርገኛ ጭኗል።

«የኔታ፣ ውስጡ ይመታል» አልኳቸው።

«ምንም የለም።»

«ዕዝል ነው የኔታ። እስቲ እንደገና ያድምጡት።»

እንደገና ድዳቸው ላይ አስደገፏት። ሠርገኞቹ ወርደው ያዩናል፣ ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮችም ከበውናል። «አስማረ፣ የለም አልኩህ እኮ» አሉኝና ለሙላት ሂድ የሚል ምልክት በእጃቸው ሰጡት። ሙላት በሩን ሊዘጋ ሲል ነው ቃሉ ያመለጠኝ።

«የኔታ፣ እርስዎ እኮ አይሰሙም።»

ሞተሩ ይሠራል። የኔታ ዓይኔን አልነበረም የሚያዩት፣ አፌን ነበር። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። ሾፌሩን ሁሉ በአፍህ አሰማኝ የሚሉት፣ ዞር ብዬ ሳወራ የማይመልሱት፣ እጀታዋን የሚነክሱት፣ ሁሉም አንድ ነገር ነበር። ካቻቢቴዋን መኪናው ጠርዝ ላይ አስቀመጡ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ጣት በጣት፣ ሁልጊዜ ሥራ ሲጨርሱ እንደሚያደርጉት። ጋቢያቸውን ከሚስማሩ አውርደው ለብሰው ወጡ።

ልከተላቸው ነበር፤ ሙላት «ታዲያ እኛ ምን ይሁን?» አለኝ። ኮምፕረሰሩን አወረድኩት። ዘይቱን መዳፌ ላይ አፈሰስኩት፤ ግራጫ ሆኖ በውስጡ የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። ኮምፕረሰሩን የማታካትት አጠር ያለች ቺንጋ ፈልጌ ገጠምኩና ሸኘኋቸው። ሠርገኞቹ በላብ ተጠምቀው በሰላም ደረሱ።

ይህን የሰሙ ሰዎች የኔታን ሳታሳፍር የማግኔቱን ሽቦ በዘዴ ነቅለህ ብትሸኛቸውስ ይሉኛል። ሙላትን አውቀዋለሁ፤ ዛሪማ ላይ ሙቀቱ ሲብስበት ወርዶ መልሶ ይሰካዋል፣ ሲመለስም ዳገቱን ይዞት ይወጣል። ዛሬም ያ መኪና ፊቴ ቢቆም ያንኑ ቃል እናገራለሁ። በዚህ አልጸጸትም። ቃሉ ትክክል መሆኑ ግን ሰውዬውን አልመለሰልኝም።

በማግስቱ የጋራዡን ቁልፍ በሰው ላኩልኝ። ብዙም ሳይቆዩ ከባለቤታቸው ጋር ዳባት ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ቤታቸው መንገድ ዳር ስለሆነ ወደ ጎንደር በሚወርድ ሾፌር ሁሉ ሰላምታ እልካለሁ። ሾፌሮቹ ሲመለሱ «አድርሻለሁ» ይሉኛል፤ መልስ ግን የለም። ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ ለቅሶ ደረስኩ። ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ጎንበስ ብዬ «እግዚአብሔር ያጥናዎት» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና ወደሚቀጥለው ሰው ዞሩ። ከድንኳኑ ወጥቼ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ። ቂም ነው አልኩ፤ ዳግመኛ አልሄድኩም።

ከዚያ በኋላ ብቻዬን ሠራሁ። ሠራተኛ ቀጥሬ አውቃለሁ፣ አይቆዩም፤ ዝምታዬ ይከብዳቸዋል መሰለኝ። ሰውን በአፍ ማሰማት አልተውኩም። አግዳሚውንም አላነሳሁም፤ ምሳዬን በግራ ጫፍ ተቀምጬ እበላለሁ፣ ቀኙ የእሳቸው ነው። መንገዱ ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ መኪና የሚባል አልመጣም፤ አንዳንድ ቀን የቆመ ሞተር አስነስቼ አጠገቡ እቀመጥ ነበር፣ አንድ ነገር እንዲያወራኝ ያህል። ብርቄም ያረፈችው በዚያው ሰሞን ነው። ምሽት ቤት ስገባ እንዴት ዋልክ የሚለኝ ድምፅ አለመኖሩን የለመድኩት በጣም ዘግይቼ ነው፣ ለምጄውም እንደሆነ እንጃ።

መንገዱ ተከፈተ፣ መኪናውም ተመለሰ፣ ግን ወደ እኔ የሚመጣው እያነሰ ሄደ። ሁሉም ጎንደር ላይ ያሠራል አሉኝ። አመንኩ።

የመጨረሻው መኪና የደረጀ ነበር፤ ወደ ሳንቃ በር እንግዳ የሚያመላልስ ጨዋ ሾፌር ነው። ከቆላ ተመልሶ በቀጥታ እኔ ጋ መጣ። «በአፍህ» አልኩት። «ሲይይይይ» ብሎ አፉን ሲያሾል አየሁት። አራራይ ነው ብዬ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሞተሩ ይሠራል፣ ሌላ ድምፅ የለም።

«አይጮህም እኮ» አልኩት።

ደረጀ መኪናውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። «እ... አሁን ተወው መሰለኝ፣ ጋሼ» አለ።

አላስቻለኝም። ሞተሩን አጥፍቼ ቺንጋውን አወለቅሁና ፑሌጃውን በእጄ አዞርኩት። ሸካራ ነው፣ በጣቶቼ ውስጥ ጠጠር ይፈጫል። እንዲህ የሆነ ኩሽኔታ ዝም ሊል አይችልም፤ መንደር ይሰማዋል።

«ደረጀ፣ ይጮህ ነበር?»

ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «ይጮህ ነበር፣ ጋሼ።»

«ሌሎቹ ሾፌሮችም ያውቃሉ?»

«እንዴት ብለን እንንገርዎት» አለኝ።

ኩሽኔታውን ቀየርኩለት፤ እጄ ጆሮ አይፈልግም። ሲሄድ ቆርቆሮውን በር ዘጋሁት። ጎንደር ያሠሩ የነበሩት ሁሉ ለምን እንደሄዱ ገባኝ። ማንም ሊያሳፍረኝ አልፈለገም፤ በጨዋነታቸው ብቻዬን ትተውኝ ከርመዋል። አንድ ሰው በሰው ፊት ቢነግረኝ ይሻለኝ ነበር።

ካቻቢቴዋን በጨርቅ ጠቅልዬ ዳባት ሄድኩ። የኔታ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ አርጅተዋል፣ ጥርስ የሚባል የላቸውም። ልጃቸው ይታይሽ በሩ ላይ አንድ ነገር አለችኝ፣ አልሰማኋትም። ድምፅዋን ጨምራ «ቢጮኹም አይሰሙም ነው የምልዎት!» አለችኝ። እኔም እንደሷ ጮኼ መለስኩላት። ወይ ጉድ፣ ሁለት ሆኑብኝ ብላ ስቃ ገባች።

የኔታ አዩኝ። ጨርቁን ፈታሁና ሰጠኋቸው። እጀታዋን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፣ የጥርሳቸውን ቦታ ፈለጉ። ከዚያ ጫፏን በጋቢዬ ላይ ደረቴ ላይ አሳረፉ፣ እጀታዋን ከጆሯቸው በስተኋላ ካለው አጥንት ላይ ገጠሟት። «ጥርስ ሲጠፋ እዚህ ጋ አጥንት አለ፤ ዘግይቼ ነው ያወቅሁት» አሉ፣ እንደማይሰማ ሰው በጩኸት። «በል ተናገር።»

«ተቀይመውኝ ነበር፣ የኔታ?» አልኩ።

«አፍሬ ነበር። ለምን ጠፋህ ግን?»

«ሰላምታ እልክ ነበር እኮ፣ በሾፌር ሁሉ።»

«ሾፌርማ ሳይወርድ በመስኮት እየጮኸ ያልፋል። እጄን አነሳለሁ፤ ምን እንዳለኝ የት አውቄው።»

«ለቅሶ ላይስ? አናግሬዎት ነበር።»

«አፍህን ተከናንበህ ነበር» አሉኝ። «አላየሁትም።»

አይሰሙም ብዬ በሰው ፊት የተናገርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ለማይሰማ ሰው ሰላምታ በጩኸት እየላክሁ፣ መልስ አጣሁ ብዬ ተቀይሜ የኖርኩትም እኔው ነኝ። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ካቻቢቴዋ ከደረቴ አልተነሳችም።

«እኔም አልሰማም፣ የኔታ» አልኩ። «ቀጭኑ ሄዷል። አራራዩ የለም።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፣ ድሮ ኮምፕረሰር ሲያደምጡ እንደሚቆዩት።

«ማን ነገረህ?» አሉ።

«ማንም አልነገረኝም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ግን የሚነግረኝ ሰው ነበረኝ» አሉኝ።